«ወረቀቱ የት አለ?» የብርበራ ማዘዣ ታሪክ ከለንደን እስከ አዲስ አበባ



ባለፈው ዝግጅቴ ስለ ቤት ብርበራ ጥቂት ተናግሬ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ አባት ከአገር ቤት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አንተ ስለ ፍርድ ቤት ወረቀት ታወራለህ። መሣሪያ ይዞ በር የሚመታ ሰው ወረቀት ኖረው አልኖረው ምን ለውጥ አለው? ያው ይገባል» አሉኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም። እሳቸው የተናገሩት ካዩት ነው፤ እኔ ደግሞ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ይዤ ለመከራከር አፈርኩ። ነገር ግን ጥያቄያቸው ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። እናም ዛሬ መልሱን ከታሪክ ውስጥ አብረን እንፈልግ።

የብርበራ ማዘዣ ምንድን ነው? ባጭሩ፣ ዳኛ የፈረመበት፣ ፖሊስ የትኛውን ቤት፣ ምን ለመፈለግ፣ በምን ምክንያት እንደሚበረብር የሚወስን ወረቀት ነው። ቁም ነገሩ ያለው ከወረቀቱ በፊት በሚሆነው ነገር ላይ ነው። ወረቀቱ እንዲወጣ፣ የሚበረብረው አካል በጉዳዩ ውስጥ ጥቅም የሌለው ሌላ ሰው ፊት ቀርቦ «ለምን?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ማዘዣ የሌለበት ብርበራ ይህ ጥያቄ ያልተጠየቀበት ብርበራ ነው።

ጥያቄው ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን የእኛ አያቶች በደንብ ያውቁት ነበር። ሌባ ሻይ የሚባለውን አስታውሱ። ዕቃ ሲሰረቅ አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይጠጣና እንዲያጨስ ተደርጎ ራሱን ሲስት በመንደሩ ይለቀቃል። ልጁ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው፤ ይክፈል ይባላል። ማን ጠረጠረው? በምን ማስረጃ? መልስ የለም። ልማዱ በኋላ ዘመን እየተከለከለ ቀረ። በሌላ በኩል ግን እነዚያው አያቶቻችን «በሕግ አምላክ!» የሚል ቃል ነበራቸው። ያ ቃል ሲጠራ የተቆጣ ሰው እጁን ይሰበስባል፣ ጉልበተኛው ይቆማል። ቁም፣ መጀመሪያ በዳኛ ፊት እንነጋገር ማለት ነው። የብርበራ ማዘዣ የሚባለው ነገር ከዚህ ቃል የራቀ አይደለም።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር፤ የዛሬው ማዘዣ መልኩን ያገኘው እዚያ በተደረጉ ክርክሮች ነውና። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1762 ነው። በኅዳር ወር አራት የንጉሡ መልእክተኞች ለንደን አጠገብ ስቴፕኒ በሚባል ሰፈር ወደሚኖር ጆን ኤንቲክ ወደሚባል ጸሐፊ ቤት ገቡ። ኤንቲክ መንግሥትን በሚነቅፍ ጋዜጣ ላይ ይጽፋል ተብሏል። መልእክተኞቹ የያዙት ወረቀት ሎርድ ሃሊፋክስ የተባለው ሚኒስትር የፈረመው ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ቤቱን ሲበረብሩ ቆዩ። ቁልፍ ሰበሩ፣ ሣጥን ከፈቱ፣ የግል ደብዳቤውን አነበቡ፣ መቶ የሚሆኑ በራሪ ጽሑፎችን ይዘው ሄዱ።

በሚቀጥለው ዓመት የባሰ መጣ። ጆን ዊልክስ የተባለው የምክር ቤት አባል በሚያሳትመው ጋዜጣ ቁጥር 45 ላይ የንጉሡን ንግግር ነቀፈ። ሃሊፋክስ ማዘዣ አወጣ፤ በማዘዣው ላይ ግን የሰው ስም የለም። የዚህን ጋዜጣ ጸሐፊዎች፣ አታሚዎችና አሰራጮች ፈልጋችሁ ያዙ ብቻ ይላል። ማን እንደሆኑ የሚወስነው ወረቀቱን የያዘው ሰው ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ 49 ሰዎች ተያዙ። ይህ ዓይነቱ ስም አልባ ወረቀት በታሪክ ጠቅላላ ማዘዣ ይባላል። እስቲ ከሌባ ሻዩ ልጅ ጋር አስተያዩት።

ከተያዙት መካከል ዊልያም ሃክል የሚባል ተራ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር። የሳምንት ደመወዙ አንድ ጊኒ ነው። ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ታሰረ። አልተመታም፤ እንዲያውም ሥጋና ቢራ ቀርቦለት ተለቀቀ። ዛሬ ብዙዎቻችን ብንሆን «በሰላም ወጣሁ፣ ተመስገን» ብለን ቤታችን እንገባ ነበር። ሃክል ግን ከሰሰ። ሸንጎ የተቀመጡት ተራ ዜጎች 300 ፓውንድ ፈረዱለት፤ ከአምስት ዓመት ደመወዙ በላይ። ለስድስት ሰዓት ይህ ይበዛል ተብሎ ሲከራከሩ ዳኛው ቻርልስ ፕራት ውሳኔውን አልነካም አለ። ጉዳዩ የሃክል ስድስት ሰዓት ብቻ እንዳልሆነ፣ ስም በሌለው ወረቀት የሰው ቤት መግባት ከተፈቀደ በአገሪቱ ማንም ሰው ቤቴ ብሎ የሚተኛበት ቤት እንደማይኖረው አይቶት ነበር።

ይኸው ዳኛ ሎርድ ካምደን የሚል ማዕረግ ካገኘ በኋላ በ1765 የኤንቲክን ጉዳይ ፈረደ። መንግሥት «ይህ ከድሮ ጀምሮ ስንሠራበት የቆየ ልማድ ነው፤ ለአገር ደኅንነትም ያስፈልጋል» ብሎ ተከራከረ። ካምደን የመለሰው ሐሳብ ቀላል ነው። ሚኒስትሩ ይህን ሥልጣን አገኘሁ ካለ የሰጠውን ሕግ ያሳይ፤ የጻፈውን ሕግ ካላሳየ ሥልጣኑ የለም። ኤንቲክም 300 ፓውንድ ተፈረደለት። ዊልክስ ከመንግሥት ሰዎች አንዱን ከስሶ 1000 ፓውንድ አገኘ።

ልብ በሉ ወገኖቼ፤ እነዚህ ሰዎች ያሸነፉት በጦር አይደለም። ንጉሡ ጦሩም፣ መርከቡም፣ እስር ቤቱም በእጁ ነበር። የሆነው ነገር፣ በር የሰበረው ሰው በስሙ ተከስሶ ገንዘብ እንዲከፍል መፈረዱ ነው። 

በዚያው ዘመን በባሕር ማዶ፣ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በቦስተን ከተማ ሌላ ክርክር ተነስቶ ነበር። የጉምሩክ ሰዎች ኮንትሮባንድ ለመፈለግ የሚይዙት ወረቀት ነበራቸው። ወረቀቱ የቤት ስም የለውም፣ የዕቃ ስም የለውም፣ የሚያበቃበት ቀን የለውም። የሚሞተው ንጉሡ ከሞተ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ዳግማዊ ጆርጅ በጥቅምት 1760 እ.ኤ.አ. ሲሞት ወረቀቶቹ ሊታደሱ ግድ ሆነ፤ የቦስተን ነጋዴዎችም «አይታደስም» ብለው ፍርድ ቤት ቀረቡ። የመንግሥት ጠበቃ የነበረው ጀምስ ኦቲስ ይህንን ወረቀት ደግፌ አልከራከርም ብሎ ሥራውን ለቀቀና ለነጋዴዎቹ ቆመ። በየካቲት 1761 እ.ኤ.አ. አራት አምስት ሰዓት ያህል ተናገረ።

ኦቲስ ተሸነፈ። ወረቀቶቹ ታደሱ። ነገር ግን በችሎቱ ውስጥ ጆን አዳምስ የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ጠበቃ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ይህ ወጣት በኋላ የአሜሪካ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ሆነ። በእርጅናው ዘመን የአሜሪካ ነፃነት የተወለደው በዚያች ዕለት በዚያ ክፍል ውስጥ እንደነበር ጽፏል። በ1791 እ.ኤ.አ. በጸደቀው በአራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይ የምናነበው ሁሉ የዚያ ቂም ፍሬ ነው፦ ማዘዣ በመሐላ የተደገፈ በቂ ምክንያት ይኑረው፣ የሚበረበረውን ቦታ ለይቶ ይጥቀስ፣ የሚያዘውን ሰው ወይም ዕቃ ለይቶ ይጥቀስ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ቤት መድፈር ቀረ? አልቀረም። ጽሑፉ ከጸደቀ ከ166 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1957 እ.ኤ.አ. በክሊቭላንድ ከተማ ፖሊሶች ዶልሪ ማፕ የምትባል ጥቁር ሴት በር መቱ። አንድ ቦምብ በማፈንዳት የሚፈለግ ሰው እሷ ቤት ተደብቋል ተብሎ ነው። ማፕ ጠበቃዋን በስልክ ጠየቀችና «ማዘዣ ከሌላችሁ አትገቡም» አለች። ፖሊሶቹ ሰዓታት ቆይተው በዝተው ተመለሱ፤ በሩንም ገንጥለው ገቡ። ጠበቃዋ ቢመጣም አላስገቡትም።

እሷም «ወረቀቱ የት አለ?» አለች። አንዱ ፖሊስ የሆነ ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳያት። ማፕ ከእጁ ነጥቃ ጡቷ ሥር ከተተችው። ታግለው መልሰው ወሰዱባት፤ እጇንም በካቴና አሰሯት። ከዚያ መኝታ ቤቱን፣ ወጥ ቤቱን፣ ምድር ቤት ያለውን ሣጥን ሳይቀር በረበሩ። የፈለጉትን አላገኙም፤ ጸያፍ የተባሉ መጻሕፍትና ሥዕሎች አግኝተው በእነዚያ ከሰሷትና ተፈረደባት። ያ በአየር ላይ የታየው ወረቀት ግን ፍርድ ቤት ሲቀርብ ማንም አላየውም። ማዘዣ ስለመኖሩ ምንም ማስረጃ አልቀረበም።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በሰኔ 1961 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ትልቁን ውሳኔ ሰጠ፦ ሕግ ተጥሶ የተገኘ ማስረጃ በየትኛውም የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት አይቀርብም። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይህ ደንብ ከ1914 ጀምሮ ነበረ፤ አብዛኛው የወንጀል ጉዳይ የሚታየው ግን በክፍለ ግዛቶች ፍርድ ቤት ስለነበር ጽሑፉ ለብዙው ሰው የሞተ ነበር። ሕይወት ያገኘው በር የሰበረ ፖሊስ ይዞት የወጣው ዕቃ ዋጋ እንዲያጣ ሲደረግ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የማፕ ጉዳይ በተወሰነበት በዚያው ዓመት፣ ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ፣ እኛም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችንን አወጣን፤ በእኛ አቆጣጠር 1954 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሐሳቡ ከዚያ በፊትም ነበረ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሕግ ከፈቀደው በቀር ቤት እንዳይበረበር ይል ነበር፤ የተሻሻለው የ1948ቱም እንዲሁ። የ1954ቱ ግን ዝርዝር ነው። እባካችሁ አንቀጽ 32ንና 33ን ፈልጋችሁ አንብቡ። ቤት ያለ ማዘዣ አይበረበርም። ማዘዣ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። የሚፈለገው ዕቃ በማዘዣው ላይ ይጻፋል፤ ከተጻፈው ሌላ አይወሰድም። የተወሰደው ዕቃ ይዘረዘራል፣ በተቻለ መጠንም ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ሴትን የምትፈትሽ ሴት ናት። ፍርድ ቤቱ በተለይ ካላዘዘ በስተቀር ብርበራ የሚደረገው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ብቻ ነው።

ሕጉ የዋህ አይደለም። ፖሊስ ወንጀለኛ እያሳደደ ቤት ውስጥ ቢገባበት ማዘዣ ለማውጣት ሲሄድ አያመልጠውም፤ ተከትሎ ይገባል። ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃው ሊሸሽ ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካለውም እንዲሁ። «ፀጥታ ለማስከበር ሕጉ እጃችንን አሰረን» የሚል ባለሥልጣን ስትሰሙ እነዚህን ሁለት በሮች አስታውሱት።

ይህ ሕግ በደርግ ዘመንም አልተሻረም ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ በቀበሌና በሰፈር ተከፋፍላ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ፣ አንቀጽ 33 በመጽሐፉ ውስጥ በቦታው ነበር። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ማልዳ ተነስታ ምጣድ ጣደች። የእንጀራ ቀን አልነበረም። የታላቅ ወንድሜን መጻሕፍትና ደብተሮች ቅጠል በቅጠል እየገነጠለች ከምጣዱ ሥር ታገባለች፤ ጭሱ እንጀራ የሚጋገር እንዲመስል። ከመጻሕፍቱ መካከል የሒሳብ መማሪያ ሳይቀር ነበረበት። ምን እንደሚፈለግ ማንም ስላልነገራት የተጻፈ ነገር ሁሉ አስፈራት። አሳሾቹ ሲመጡ የጤፉን ጆንያ በሳንጃ ወግተው ወጡ፤ የአባቴን ሬዲዮ ወሰዱ። ዝርዝር የለ፣ ፊርማ የለ። አባቴ ስለዚያ ሬዲዮ እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን አልጠየቀም። ለማን ይጠይቃል?

በየቤቱ የዚህ ዓይነት ታሪክ አለ። የእኛ ቤት ሬዲዮ ብቻ በማጣቱ ዕድለኛ ነበር። በዚያ ዘመን ከየቤቱ ተወስደው ያልተመለሱት ልጆች ናቸው።

ከዚያስ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ማንም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ደብዳቤንና ስልክንም ይጨምራል። ቃሉ መልካም ነው። ከዚያ ግን የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 መጣና ለድንገተኛ ፍተሻ ፈቃድ ሰጪውን ከዳኛ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ኃላፊ አዛወረው። ጠያቂውም ፈቃጁም አንድ ቤት ሆኑ። ይህ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተካ። ነገር ግን ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በተደጋጋሚ የታወጁትን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ተመልከቱ። ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መያዝና ቤት መበርበር ተፈቅዶባቸዋል። አንቀጽ 26 በአስቸኳይ ጊዜ ከማይነኩት መብቶች ዝርዝር ውስጥ የለምና በሩ ክፍት ነው። ሎርድ ሃሊፋክስም ለአገር ደኅንነት ነው ብሎ ነበር የተከራከረው።

እንግዲህ ለእኚያ አባት ጥያቄ ወደ መልሱ ደረስን። አባቴ፣ እውነትዎን ነው። ብቻውን የቆመ ወረቀት በር አይዘጋም። በለንደንም አልዘጋም፣ በክሊቭላንድም አልዘጋም። በር የዘጋው ከብርበራው በኋላ የመጣው ነገር ነው። ለንደን ላይ የበረበረው ሰው በስሙ ተከስሶ ካሳ ተፈረደበት። አሜሪካ ላይ የተገኘው ዕቃ ከማስረጃነት ተጣለ። እኛ ጋ የጎደለው ይህ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል። ያለ ማዘዣ ተበርብሮ የተገኘ ዕቃ ማስረጃ አይሆንም የሚል ግልጽ ቃል ግን አንቀጽ 26 ውስጥ የለም። በር ሰብሮ ያገኘ ሰው ያገኘው ከተቆጠረለት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ለምን ዳኛ ጋ ይሄዳል? ነገ ስለ ፍትሕ ሥርዓት ማሻሻያ ስትወያዩ፣ ጠበቆች፣ ዳኞችና የምክር ቤት አባላት የሆናችሁ ወገኖቼ፣ ከሁሉ በፊት ይህን አንድ መስመር ጻፉልን።

አሜሪካ ያለን ሰዎችም እንዳንታበይ። ማዘዣ በውሸት ሊወጣ ይችላል። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. በሉዊቪል ከተማ ብሪዮና ቴይለር የተባለች የ26 ዓመት ወጣት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፖሊሶች ቤቷን ሰብረው ሲገቡ ተገድላለች። ፖሊሶቹ ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ ነበራቸው። ማዘዣውን ለማግኘት ለዳኛዋ የቀረበው ቃል ግን ሐሰት እንደነበረበት በኋላ አንዲት መርማሪ በፍርድ ቤት አምናለች። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ የዋሸው መጠየቅ አለበት። የእኛ የ1954ቱ ሕግ ሌሊት ብርበራን በመርህ ደረጃ መከልከሉ ምን ያህል አርቆ ማሰብ እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያችሁ።

በመጨረሻ፣ እዚህ አሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖቼ ለዕለት ኑሯችሁ የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። በር ሲመታ ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም። ዳኛ የፈረመበት የብርበራ ማዘዣ አለ፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ራሱ የፈረመበት ወረቀት ደግሞ አለ። ሁለተኛው የዳኛ ማዘዣ አይደለም። በሩን ሳትከፍቱ በመስኮት ወይም በበሩ ሥር እንዲያሳዩአችሁ በትሕትና ጠይቁ። የፍርድ ቤት ስም፣ የዳኛ ፊርማ፣ የቤታችሁ ትክክለኛ አድራሻና ቀኑ መኖሩን እዩ። ከሌለ «አልፈቀድኩም» በሉ። ቢገቡም አትታገሉ፣ አትዋሹ፤ የሆነውን ጻፉ፣ ጠበቃ ጥሩ። እንግሊዝኛ የማይሆንላቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን በር ሲመታ ደንግጠው የሚከፍቱ ናቸውና ይህን ልጆች አስቀድማችሁ አስረዷቸው። በዐረብ አገር በአሠሪዋ ቤት ለምትኖረው እህቴ ይህን ምክር ለመስጠት አልደፍርም፤ የምትዘጋው የራሷ በር የላትምና።

ዶልሪ ማፕ ወረቀቱን የነጠቀች ዕለት ካቴና ገባላት እንጂ አልተሳካላትም። ኦቲስም ተሸንፎ ነው ከችሎት የወጣው። ሃክል ግን ሥጋና ቢራ በልቶ ጠጥቶ ቤቱ መግባት ይችል ነበር፤ አልገባም፣ ከሰሰ። የእኔ አባት ስለ ሬዲዮው ያልጠየቀው ፈሪ ስለነበረ አይደለም። የሚጠይቅበት ደጅ ስላልነበረ ነው። የልጅ ልጆቹ የሚጠይቁበት ደጅ እንዲኖራቸው መሥራት የእኛ ድርሻ ነው።

እኚያ የደወሉልኝ አባት ይህን ቢያዩ፣ ስልኬ አልተለወጠም፤ እንደገና ይደውሉልኝ። በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።